ፈረሱ ይጨመር ወይስ ዋሱ ይቆይ?

ከደጀን ተነስቶ የትኖራን፣ ሉማሜንና አምበርን አልፎ ደብረ ማርቆስ የሚገባውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው የደብል ጋቢናን ነገር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጧት ጤፍ ትጭናለች፤ ቀን በሽተኛ ይዛ ማርቆስ ሆስፒታል ትበራለች፤ ከጥምቀት በኋላ ሙሽራ ታመጣለች፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ አስከሬን ታደርሳለች። ጋቢናዋ ውስጥ አምስት ሰው፣ ከኋላ 12 ኩንታል፣ ከኩንታሉ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው። ስሟ ፒካፕ ይባላል እንጂ ሥራዋ የአይሱዙም፣ የአምቡላንስም፣ የበቅሎም ነው። ስለዚህ በአነደድ ወረዳዋ ከተማ በአምበር አንድ ሰው ደብል ጋቢና ገዛ ሲባል መኪና ገዛ ማለት ብቻ አይደለም። የወንድም፣ የአማች፣ የእቁብና የባንክ ብር አንድ ላይ ተሰብስቦ አራት ጎማ አበቀለ ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው መኪና ገና የወንበሯ ላስቲክ ሳይላቀቅ ለባለቤቷ አንድ ምክር ይመጣለታል። "ሞተሯ ታፍኖ ነው የመጣው፤ አስከፍታት" ይሉታል። "ፋብሪካው ጉልበቷን ቆልፎባታል" ይሉታል። ድሮ ይህ ምክር የሚፈጸመው በፖምፓ ነበር። መካኒኩ የፖምፓውን ብሎን ይነካካል፤ ናፍታው በርከት ብሎ ይገባል፤ መኪናዋም ዳገት ላይ እምቢ ማለቷን ትታ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትወጣለች። አሁን ናፍታው በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ ብሎን ነካኪውም ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ነገሩ "ቺፕ ማድረግ" ተባለ። ንግግሩም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው፦

"ጋሼ፣ 30 ፈረስ እጨምርልዎታለሁ። ዓባይን በሦስተኛ ማርሽ ነው የሚወጡት።"

"ጋራንቲዋስ ልጄ? ገና ዓመቷ እኮ ነው።"

"ማን ያይብዎታል? ሰርቪስ ሲሄዱ መልሼ አጠፋልዎታለሁ።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።"

ይህቺ "አንተ ታውቃለህ" የምትባል ነገር ናት ያስቸገረችን። ወደ እሷ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ግን የሚጨመረው ምን እንደሆነ እንነጋገር።

የናፍታ ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ነዳጅና አየር ተገናኝተው ሲቃጠሉ ነው። በአሁኖቹ ሞተሮች ስንት ናፍታ፣ በስንት ግፊት፣ በየትኛዋ ቅጽበት እንደሚረጭና ተርቦው ስንት አየር እንደሚያስገባ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ለዚህም የሚያይበት ሰንጠረዥ አለው። ልጁ ላፕቶፑን ሰክቶ ያንን ሰንጠረዥ ይለውጣል። ከዚህ የቀለለም መንገድ አለ። የሲጋራ ፓኮ የምታክል ሳጥን ከነዳጅ ግፊት ለኪው ሽቦ መሐል ትሰካለች። የሳጥኗ ሥራ መዋሸት ነው። ግፊቱ ከእውነቱ ያነሰ እንደሆነ አድርጋ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ እሱም የዋህ ነው፣ አምኖ ይጨምራል። እናንተዬ፣ በገንዘባችን ሐሰተኛ ምስክር ገዝተን የገዛ መኪናችን ውስጥ ስናስቀምጥ አይገርምም?

ሙያው በሙሉ ማጭበርበር ነው እያልኩ አይደለም። በሌላው ዓለም መኪናዋን መለኪያ ማሽን ላይ አስሩጠው፣ የጭሷን ሙቀት በየደረጃው እየለኩ፣ ያደረጉትን ጽፈው የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። ፋብሪካም ቢሆን አንዱን ሞተር ለበረሃውም ለበረዶውም፣ ለጥሩውም ለመጥፎውም ናፍታ ስለሚሸጠው ጥቂት መጠባበቂያ ይተውለታል፤ ይህም እውነት ነው። ክርክሩ መጠባበቂያው ለምን ተተወ በሚለው ላይ ነው። ቺፕ አድራጊው "ትርፍ ነው፣ እንብላው" ይላል። በአምበር መንገድ ላይ ግን ያ መጠባበቂያ አስቀድሞ ተበልቷል።

እንዴት ቢሉ፣ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌላቸው የድሮዎቹ ሃይሉክሶች እኛ ዘንድ ሲደርሱ እንደ አስም በሽተኛ የሚያቃስቱት ለዚህ ነበር። ተርቦ ያላት ጉድለቱን ታካክሳለች፤ በነጻ ግን አይደለም። ያንኑ ያህል አየር ለማስገባት ተርቦው ደጋ ላይ ከቆላው ይልቅ በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ማለትም ልጁ "የታፈነ" የሚለው ጉልበት ከፊሉ ታፍኖ ሳይሆን ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነው። በዚህ ላይ ናፍታ ሲጨመርበት፣ አየር ያልበቃው ናፍታ ወይ ጥቁር ጭስ ይሆናል፣ ወይ ሙቀት ይሆናል።

ጭሱስ ለእግረኛው ነው የሚተርፈው፤ ለመኪናዋ ሞት የሚሆነው ሙቀቱ ነው። የብዙዎቹ ፒካፖች ፒስቶን የሚሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ናፍታ ሲቃጠል የሚፈጥረው ሙቀት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ፒስቶኑ የማይቀልጠው ቃጠሎው ቅጽበታዊ ስለሆነና ከሥሩ ዘይት እየተረጨ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። ያ ሚዛን ለአጭር ጊዜ ቢዛባ ምንም አይታይም። ቺፕ የተደረገላት መኪና በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው የሚያመሰግናት ለዚህ ነው። በሜዳ አገር ሰው ሙሉ ጉልበት የሚፈልገው የፊተኛውን ለመቅደም ለጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ቀደመ፣ እግሩን አነሳ፣ ሞተሩም ቀዘቀዘ።

ዓባይ በረሃ ግን እንዲህ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከታች ድልድዩ ጋ፣ ማለትም ለ2001 ዓ.ም አዲስ ዓመት መዳረሻ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው ድልድይ ጋ፣ ቆላ ነው፤ ይፋጃል። ከዚያ ተነስታ ደጀን አፋፍ ለመድረስ መኪናዋ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለባት። ጭነት ይዛ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ራዲያተሯን የሚመታ በቂ ነፋስ ሳይኖር፣ እግር ከነዳጁ ሳይነሳ ለረጅም ጊዜ ትጮኻለች። ለተጨመረ ናፍታ ከዚህ የከፋ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ቺፕ የሚሸጠው ግን በዚሁ ቦታ ስም ነው! "ዓባይን በሦስተኛ" ይባላል። ዓባይን በሦስተኛ ወጥቶ ሉማሜ ላይ ቴስታታ ማስወረድም አለ፤ እሱ አይነገርም። የቁልቁለቱንም ነገር የሚያነሳ የለም። ጉልበቷን የጨመረው ልጅ ፍሬኗን አልነካም። ሽቅብ መብረር የለመደ እግር ቁልቁል ሲሆን በአንዴ አይታረምም፤ ከኋላ ጤፉ፣ ከጤፉ ላይ ደግሞ ሰው አለ።

እስቲ የቶዮታን የራሱን ሥራ እንመልከት። 2.8 ሊትሩ የሃይሉክስ ናፍታ ሞተር እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ ጉልበቱ 177 ፈረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ያው 2.8 ሊትር 204 ፈረስ ሆኖ ተመለሰ። 27 ፈረስ ተጨመረ ማለት ነው፤ የእኛ ልጅ በአንድ ከሰዓት እጨምራለሁ ከሚለው እንኳ ያንሳል። ፋብሪካው ግን ለእነዚህ 27 ፈረሶች ሲል ተርቦውን በትልቅ ተካ። ፒስቶኑንና ፋሻውን ለወጠ። የጭስ መውጫውንና የናፍታ መርጫውን አሻሻለ። ነገሩ በሰንጠረዥ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ብረት መለወጥ ለምን አስፈለገ? ጃፓኖቹ ገንዘባቸውን ጠልተው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። "ዋስትና" የሚለው ቃል "ዋስ" ከሚለው መምጣቱን ማንም ያውቃል። ጎጃም ገበያ በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ፣ ሰኮናዋን አንስቶ፣ አስሮጦ፣ በመጨረሻ "ዋስ ጥራ" ይላል። ዋስ ማለት ስሙና ቤቱ የሚታወቅ ሰው ነው። በሬው የሌባ ሆኖ ቢገኝ ገዢው ሻጩን ፍለጋ አገር አያስስም፤ የዋሱን በር ያንኳኳል። የመኪናው ደብተርም በሐሳቡ ይኸው ነው። ልዩነቱ የደብተሩ በር ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ መሆኑ ነው፤ ከአምበር 280 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም ዓባይን ወርዶ ወጥቶ።

ቃሉም ቢሆን ብዙ ቅድመ ሁኔታ አለበት። በብዙ አገር የሚሰጠው ዋስትና 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይዘጋዋል። ሰርቪሱ በጊዜው፣ በተፈቀደለት ጋራዥ መሠራት አለበት። በመጥፎ ነዳጅ የመጣ ጉዳት አይሸፈንም። ከልክ በላይ በመጫን የመጣ አይሸፈንም። መኪናዋን በመለወጥ የመጣ አይሸፈንም። ይህ ሁሉ በደቃቅ ፊደል፣ ብዙ ጊዜም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሰጣል። ሻጩ ቁልፉን በሪባን አስሮ ገዢውን ፎቶ ለማንሳት ጊዜ አለው፤ እነዚያን ሁለት ሦስት ገጾች በአማርኛ ለማስረዳት ግን ጊዜ የለውም። ገዢውም አይጠይቅም። በሬ ሲገዛ ዋሱን ከነአባቱ ስም የሚጠይቅ ሰው፣ የበሬውን ብዙ እጥፍ አውጥቶ የገዛትን መኪና ዋስትና ሳያነብ ፈርሞ ወደ ዳሽቦርዱ ኪስ ይወረውረዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሰርቪስ ይደርሳል። ዘይትና ፊልትሮ ለማስቀየር ሁለት ቀን ሥራ መፍታት፣ ናፍታ ማቃጠል፣ አዲስ አበባ ማደር ሊኖር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ በሆነው ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። እናም ሰውየው እዚያው ማርቆስ ያስቀይራል። አንድ ሰርቪስ ካመለጠው በኋላ "ጋራንቲዋ እንደሆነ ሞታለች" ይላል። "ከሞተች ደግሞ ምን እፈራለሁ፣ ቺፑን ላድርጋት" ይላል። ይህ የደንቆሮ ሒሳብ አይደለም፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። ማንም ሊጠቀምበት በማይችለው ርቀት ላይ የተቀመጠ ዋስትና ሰውን ወደ ቺፕ የሚነዳ ዋስትና ነው። በአስመጪዎቹ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይኸው ነው። መኪናዋን አምበር ድረስ ለመሸጥ የደረሰ እጅ ለሰርቪስም እዚያው አካባቢ ሊደርስ ይገባዋል።

ሆኖም ሒሳቡ አንድ ስሕተት አለበት። ገዢው መብቱ ሁሉ ደብተሩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ መሆኑ በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ አለ፤ ሸማቹን ለመጠበቅም አዋጅ ቁጥር 813/2006 ወጥቷል። ዘይቱን ሌላ ቦታ ያስቀየረ ሰው፣ መሪዋ ከፋብሪካው ጎድሎ ቢመጣ "ዘይት መቀየሬና መሪው ምን አገናኛቸው?" ብሎ የሚከራከርበት አፍ አለው። ሞተሯን ያስነካ ሰው ሞተሩ ሲነድድበት ግን ምን ይላል? ሻጩ ሊከራከርበት የሚፈልገውን ክር እኛው ፈትለን በእጁ አስይዘነዋል።

አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን በዚህ ጉዳይ በስልክ መምከር ይወዳሉ። "ምንም አይሉህም፣ ሕግ አለ" ይላሉ። እውነት ነው፣ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ማግኑሰን ሞስ የሚባል ሕግ አለ። ሻጭ "የእኔን ዕቃና የእኔን ጋራዥ ብቻ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ፈረሰ" እንዳይል ይከለክላል። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ጉዳቱ በተጨመረው ነገር የመጣ ከሆነ ሻጩ አልከፍልም ማለት ይችላል። በዚያ ላይ ያ ሕግ ዓባይን አይሻገርም።

"ማን ያይብዎታል" የሚለውም ቢሆን የሚያስተኛ ቃል አይደለም። የድሮው ፖምፓ ብሎን እንኳ ማኅተም ነበረው፤ የተነካ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። የአሁኑ ኮምፒውተር ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚቆጥር ዓይነት አለው፤ ከልክ ያለፈ ግፊት ሲደርስበት የሚመዘግብም አለ። ሳጥኗን ነቅሎ መሄድ ይቻላል፤ የነደደ ፒስቶን ግን ተነቅሎ አይደበቅም። የኢንሹራንሱንም ነገር አስቡት። አደጋን የሚጨምር ለውጥ ሲደረግ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቺፕ ያስደረገ ሰው ከዚያ ቀጥሎ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄዶ "ጉልበት ጨምሬአለሁ" ሲል የሰማችሁ አላችሁ?

አንድ ነገር ሳልጠቅስ እንዳላልፍ። በእኛ አገር ፒካፕን መለወጥ የተጀመረው በቺፕ አይደለም፤ በባሌስትራ ነው። አንድ ቶን ገደማ ለመጫን የተሠራችው መኪና ላይ አንድ ሁለት ባሌስትራ ይደረብና አንድ ተኩል ትጭናለች። ባሌስትራው ይችላል፤ ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑና ሞተሩ ግን አልተደረበላቸውም። ያኔ መኪናዋ ዳገት ላይ ትደክማለች። ያኔ "ታፍና ነው" ይባላል። ያኔ ቺፕ ይመጣል። አንዱ ትርፍ ሌላውን ትርፍ እየጠራ ነው እንጂ ከፋብሪካው ደካማ ሆና የመጣች ነገር የለችም።

ዋስትናዋ በጊዜው ያለቀ ወይም መጀመሪያውኑ ሳይኖራት ከዱባይ ያገለገለች የመጣችስ? እዚህ ላይ ሰውየው የራሱ ጌታ ነው፤ የሚያጣው ደብተር የለውም። ግን ዳገት የምታስቸግር መኪና ብዙ ጊዜ የታፈነች ሳትሆን የታመመች ናት። የተደፈነ ፊልትሮ፣ ያረጀ የናፍታ መርጫ፣ የተቀደደ የተርቦ ጎማ፣ በነጭ ጋዝ የተቀላቀለ ናፍታ። መጀመሪያ እነዚህን የሚያይ መካኒክ ይፈለግ። እነሱ ሳይታከሙ የሚደረግ ቺፕ፣ ከብት ነጋዴ ለገበያ የሚያወጣውን በሬ ጨው አልሶ ውሃ ያጠጣዋል እንደሚባለው ነው፤ ሆዱ ሞልቶ ይታያል፣ ማታ ግን ያው ከሲታ ነው። ያገለገለች የሚገዛ ሰው "ጉልበቷ ለጉድ ነው" ሲሉት ደስ ከማለቱ በፊት ይህን ቢያስብ አይከፋም። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለችን የናፍታ መኪና ገድሎ ሌላ እተካለሁ ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ወደዚያች "አንተ ታውቃለህ" ልመለስ። ደብተሩ ሩቅም ቢሆን፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ነው፤ ይዞት ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው አለ። ቺፕ አድራጊው የሚሰጠው ምንድን ነው? ደረሰኝ የለም። ምን እንደለወጠ የሚናገር ጽሑፍ የለም። የቀድሞው ሰንጠረዥ የት እንደተቀመጠ አይታወቅም። ነገ ሱቁ ቢዘጋ፣ ልጁ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ቢሄድ፣ መኪናዋ ውስጥ ያለውን ነገር የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ አይኖርም። ለአንድ በሬ ዋስ የሚጠራ ገበያ ለሞተር ዋስ አይጠራም። "30 ፈረስ" ሲባል ፈረሱን ሰማን፤ ባለፈረሱን ግን አልጠየቅንም።

ስለዚህ ዋስትናዋ ያላለቀ ደብል ጋቢና ያለው የአምበር ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፤ አታስነካት። ሁለት ኩንታል ቀንሰህ ዓባይን በሁለተኛ ማርሽ ውጣ፤ አሥር ደቂቃ ዘግይተህ ደጀን ትገባለህ። ዋስትናዋ አልቋል፣ ሕመምም የለባትም፣ ቺፑንም ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ለሚል ግን ለልጁ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። የቀድሞውን ሰንጠረዥ በፍላሽ ገልብጠህ ስጠኝ። ምን እንደለወጥህ ጽፈህ ፈርምልኝ። ሞተሩ ቢነድድ የሚከፍል ዋስ ጥራ፤ ከዚያም 10 ኩንታል ጭነን አብረን ከድልድዩ ደጀን እንውጣ፣ አንተም ጋቢና ትቀመጣለህ። ላፕቶፑ ከመሰካቱ በፊት ይህን የጠየቀ ሰው፣ ልጁ ድንገት ስልክ ተደውሎለት "አንዴ መጣሁ ጋሼ" ብሎ ሲወጣ ሊያይ ይችላል። እስኪመለስ ድረስ እዚያው ፊት ለፊት ካለው ቤት ቡና ማዘዝ ነው።